ከበጀት ጠረጴዛ ወደ አገረ ገዥነት ወንበር

በፌብሩዋሪ 7 ቀን 1886 እሑድ ጠዋት፣ በቡድን የተደራጁ የሲያትል ሰዎች የቻይናውያንን ቤቶች እያንኳኩ ገቡ። ዕቃቸውን በሠረገላ ጭነው ባለቤቶቹን ወደ ወደቡ ነዷቸው። የተነዱት 350 ያህል ነበሩ። "ኩዊን ኦፍ ዘ ፓሲፊክ" የተባለች መርከብ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ለመነሣት ተዘጋጅታ ነበርና 200 የሚጠጉት በእርሷ ተጫኑ። ቦታ ያጡት በማግስቱ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ግርግር ተነሣ፤ ተኩስ ተከፈተ፤ ሰው ሞተ። ሲያትል የምትገኝባት ዋሽንግተን ያን ጊዜ ገና ሙሉ ግዛት ስላልሆነች የምትተዳደረው ከፌዴራሉ መንግሥት በሚሾም ገዥ ነበር። ገዥው ዋትሰን ስኳየር ከተማዋን በወታደራዊ ሕግ ሥር አዋሏት። አጎራባቿ ታኮማ ግን ከሦስት ወር በፊት ቻይናውያኗን ጠራርጋ አስወጥታ ጨርሳ ነበር። ከዚህ ሁሉ በላይ የ1882ቱ የፌዴራል ሕግ ነበረ። ቻይናዊ ሠራተኛ ወደ አሜሪካ እንዳይገባ ከለከለ፤ የገባውም ዜግነት እንዳያገኝ በሩን ዘጋ። ይህ ሕግ እስከ 1943 ድረስ ቆየ።

ኋላ የዋሽንግተን ግዛት አገረ ገዥ የሆኑት የጋሪ ሎክ አያት ወደ አሜሪካ የመጡት ከዚያ ግርግር በኋላ ባሉት ዓመታት ነው። መነሻቸው በደቡብ ቻይና፣ በጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር ያለው ታይሻን ነበር። የግዛቲቱ ዋና ከተማ በሆነችው በኦሎምፒያ አንድ ቤተሰብ ዘንድ በቤት አሽከርነት ተቀጠሩ፤ ለድካማቸው የሚከፈላቸው የእንግሊዝኛ ትምህርት ነበር። ያገለገሉበት ቤት ዛሬ የአገረ ገዥው መኖሪያ ካለበት ስፍራ አንድ ማይል አይሞላም። ሰውየው ወደ አገራቸው ተመልሰው ቤተሰብ መሠረቱ፤ በኋላም ዳግም መጥተው ሲያትል ውስጥ በቨርጂኒያ ሜሰን ሆስፒታል ወጥ ቤት ሆነው ሠሩ።

ልጃቸው ጄምስ በወጣትነቱ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካን ጦር መለዮ ለብሶ በኖርማንዲ ዘመተ። ከጦርነቱ በኋላ ከሆንግ ኮንግ የመጣችውን ጁሊን አገባና ሲያትል ላይ ሱቅ ከፍቶ አምስት ልጆች አሳደገ። ሁለተኛው ልጅ ጋሪ በጃንዋሪ 21 ቀን 1950 ተወለዱ።

ቤተሰቡ የኖረው በየስለር ቴራስ ነው። ይህ ከመሀል ከተማው በላይ ባለው ኮረብታ ላይ በ1940ዎቹ መጀመሪያ የተሠራ የመንግሥት ኪራይ ቤቶች መንደር ነበር። በአሜሪካ ነጩንም ጥቁሩንም ሳይለይ በአንድ ግቢ በማኖር ከሁሉ ቀዳሚ እንደሆነ ይነገርለታል። የሲያትል ኢትዮጵያውያንና ሌሎች የምሥራቅ አፍሪካ ስደተኞች ይህን መንደር በሚገባ ያውቁታል፤ ከብዙ ዓመታት በኋላ በርካቶች የመጀመሪያ ቤታቸውን ያገኙት እዚያው ነውና። ትንሹ ጋሪ እስከ አምስት ዓመታቸው ድረስ እንግሊዝኛ አልቻሉም ነበር። ቋንቋውን የተማሩት መዋዕለ ሕፃናት ሲገቡ ነው። ስድስት ዓመት ሲሆናቸው ቤተሰቡ ከየስለር ቴራስ ወጣ፤ ልጆቹ ግን ከትምህርት ቤት መልስ ሱቅ መዋላቸው ቀጠለ።

ለአንድ የቻይና ልጅ ፖለቲካ ምን ዓይነት ሥራ እንደሆነ የሚያሳይ ሰው በዚያን ዘመን ሲያትል ውስጥ አንድ ነበር። ዊንግ ሉክ ይባላሉ። ቻይና ተወልደው ሲያትል ያደጉ ጠበቃ ነበሩ። በ1962 ለከተማው ምክር ቤት ሲመረጡ በመላው የሰሜን ምዕራብ አሜሪካ ሕዝብ የመረጣቸው የመጀመሪያው የእስያ ተወላጅ ሆኑ። በምክር ቤቱ ውስጥ የተሟገቱለት ዋና ጉዳይ የቤት ባለንብረቶች ተከራይንና ገዢን በዘር እንዳይመርጡ የሚከለክለው ሕግ ነበር። በ1965 በአውሮፕላን አደጋ ሞቱ፤ ጋሪ ሎክ ያን ጊዜ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበሩ።

ሎክ በደቡብ ሲያትል በሚገኘው ፍራንክሊን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የመጨረሻው ዓመት ተማሪ ሳሉ፣ በማርች 29 ቀን 1968፣ ያ ትምህርት ቤት የአገር መነጋገሪያ ሆነ። ጥቁር ተማሪዎች በአፍሮ ፀጉራቸው ምክንያት መባረራቸውን የተቃወሙ የትምህርት ቤቱ ልጆችና የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የጥቁር ተማሪዎች ማኅበር አባላት የርዕሰ መምህሩን ቢሮ ተቆጣጥረው ተቀመጡ። በዚህ ሰበብ ከታሰሩት መሪዎች አንዱ ከዚያው ትምህርት ቤት በ1963 የተመረቁት ላሪ ጎሴት ናቸው። የእኚህን ሰው ስም አንባቢ ይያዝልኝ፤ ወደ ኋላ እንገናኛለን።

ሎክ በዚያው ዓመት በማዕረግ ተመርቀው በነፃ የትምህርት ዕድል፣ በብድርና በትርፍ ሰዓት ሥራ እየተደገፉ ወደ ዬል ዩኒቨርሲቲ አቀኑ። በ1972 በፖለቲካ ሳይንስ፣ በ1975 ደግሞ ከቦስተን ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመረቁ። ከዚያ የዋሽንግተን ዲሲን ወይም የኒው ዮርክን ትልልቅ የሕግ ቢሮዎች ትተው ወደ ሲያትል ተመለሱና ከተማዋን በሚያቅፈው በኪንግ ካውንቲ ምክትል ዐቃቤ ሕግ ሆነው ወንጀል መክሰስ ጀመሩ።

በ1982 በ37ኛው የምርጫ ወረዳ ለግዛቲቱ የተወካዮች ምክር ቤት ተወዳደሩ። ይህ ወረዳ ጥቁሩም፣ እስያዊውም፣ ኋላ ደግሞ ሐበሻውና ሶማሌውም በብዛት የሚኖርበት የሲያትል ደቡብ ክፍል ነው። ዴሞክራት ያልሆነ ሰው እዚያ የማሸነፍ ተስፋ ስላልነበረው በዚያን ጊዜ እውነተኛው ፍልሚያ የፓርቲው ማጣሪያ ምርጫ ላይ ያልቅ ነበር። ሎክ በማጣሪያው የገጠሟቸው ወንበሩ ላይ የነበሩትን ፔጊ ማክሲን ነው። ማክሲ በ1970 ተመርጠው በግዛቲቱ ምክር ቤት የተቀመጡ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ነበሩ፤ አሥራ ሁለት ዓመትም አገልግለዋል። ሎክ አሸነፏቸው። የጋሪ ሎክ ታሪክ ሲተረክ ይህ ክፍል ብዙ ጊዜ በጨረፍታ ይታለፋል። እኔ ግን መታለፍ የለበትም እላለሁ። የመጀመሪያው ድላቸው የተገኘው ከአንድ ባለ ሀብት ነጭ ሰው ወንበር ላይ አልነበረም፤ ሌላ የተገፋ ማኅበረሰብ ታግሎ ካገኘው ወንበር ላይ ነበር። ጠባብ ቦታ የተሰጣቸው ማኅበረሰቦች በዚያችው ቦታ እርስ በርስ መገፋፋታቸው የደቡብ ሲያትል ፖለቲካ የቆየ ቁስል ነው፤ ዛሬም አልዳነም።

ኦሎምፒያ ከሲያትል በስተደቡብ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ግዛቲቱ 49 የምርጫ ወረዳዎች አሏት፤ እያንዳንዱ ወረዳ አንድ ሴናተርና ሁለት ተወካይ ይልካል። ምክር ቤቱ ዓመቱን ሙሉ አይሰበሰብም። ከጃንዋሪ ጀምሮ በአንዱ ዓመት 105 ቀን፣ በሚቀጥለው 60 ቀን ተቀምጦ ይበተናል። አባላቱም ወደ እርሻቸው፣ ወደ ሱቃቸው፣ ወደ ጥብቅና ቢሯቸው ይመለሳሉ። ይህ ስብሰባ ቴሌቪዥን እምብዛም የማይከታተለው፣ እኛም የሲያትል ኢትዮጵያውያን ስለ አራት ኪሎና ስለ ኋይት ሐውስ ሌሊቱን ሙሉ ስንከራከር የማናነሣው ነው። ሆኖም የልጆቻችን መምህር ደመወዝ፣ የኮሌጅ ክፍያው ልክ፣ የአረጋውያን ተንከባካቢዎች የሰዓት ክፍያ፣ የድሆች የሕክምና ሽፋን የሚቆረጠው በዚያ አዳራሽ ነው። የዋሽንግተን ግዛት በሎክ ዘመን የገቢ ግብር አልነበራትም፤ የምትኖረው በሽያጭ ታክስ፣ በንብረት ግብርና ከንግድ ድርጅቶች ጠቅላላ ሽያጭ ላይ በምትወስደው ግብር ነበር። ኢኮኖሚው ሲቀዘቅዝ ገበያተኛው ይቀንሳል፤ ገበያተኛው ሲቀንስ ካዝናው ወዲያውኑ ይራቆታል። ስለዚህ በየሁለት ዓመቱ የሚጻፈው በጀት በዚያች ግዛት ከሕጎች ሁሉ የከበደ ነው።

ሎክ ለዚህ ሥራ የተፈጠሩ ሰው መሆናቸው ቶሎ ታወቀ። ንግግራቸው ሕዝብ የሚያነሣሣ አልነበረም፤ ቀልድ አያውቁም ይባሉ ነበር። ነገር ግን ሰነድ ያነባሉ። የየመሥሪያ ቤቱን የወጪ ዝርዝር ከመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አስበልጠው ያውቃሉ፤ ሌሎች ሲተኙ እርሳቸው ቁጥር ሲያመሳክሩ ያድራሉ። በ1980ዎቹ ማብቂያ የምክር ቤቱ የበጀት ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆኑ። ሰብሳቢው በዚያ ወንበር ሲቀመጥ ከገጠር የመጣው ሪፐብሊካን ስለ መስኖውና ስለ መንገዱ፣ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ስለ ቤተ ሙከራው፣ የአካል ጉዳተኞች እናቶች ስለ ልጆቻቸው መጠለያ፣ ሁሉም ደጁን ይጠናል። ሁሉንም ሰምቶ ለአብዛኞቹ "አይሆንም" ማለት ግዴታው ነው። ያለ ቂም "አይሆንም" ማለትን የሚያስተምር ሌላ ትምህርት ቤት በፖለቲካ ውስጥ አላውቅም። ሎክ በኋላ በመላው ግዛት፣ ከካስኬድ ተራሮች ማዶ ባሉት የስንዴና የፖም አገሮች ጭምር፣ ስማቸው የታወቀው በዚህ ነው። ስለ አያታቸው የሚነገረው ታሪክ ጋዜጠኛውን ሳበ፤ የአገር ሽማግሌውንና የከንቲባውን አመኔታ ያስገኘላቸው ግን ያ የበጀት ጠረጴዛ ነበር።

በኖቬምበር 1993 ወንበር ላይ የነበሩትን ሪፐብሊካን ቲም ሂልን አሸንፈው የኪንግ ካውንቲ ዋና አስተዳዳሪ ሆኑ። ሥራ የጀመሩት አውቶቡሱንና የፍሳሽ ማጣሪያውን ያስተዳድር የነበረው ሜትሮ የተባለው ድርጅት ከካውንቲው ጋር በተዋሐደበት በጃንዋሪ 1994 ነው፤ ሁለት ትልልቅ መሥሪያ ቤቶችን ማጋባት የመጀመሪያ ፈተናቸው ሆነ። በዚያው ወር ወደ ካውንቲው ምክር ቤት አዲስ ከገቡት አንዱ ላሪ ጎሴት ነበሩ፤ በ1968 በፍራንክሊን ታስረው የነበሩት ሰው። ሎክ በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ የቴሌቪዥን ጋዜጠኛዋን ሞና ሊን አገቡ።

ከደቡብ ሲያትል ተነሥቶ፣ በኦሎምፒያ ምክር ቤት አልፎ ገዥ መሆን ከዚህ በፊትም የተሄደበት መንገድ ነው። የጣሊያን ስደተኞች ልጅ የሆኑት አልበርት ሮሴሊኒ ጣሊያኖች ከሞሉት ከሬኒየር ሸለቆ ተመርጠው ከ1939 ጀምሮ አሥራ ስምንት ዓመት በግዛቲቱ ሴኔት ተቀምጠዋል። በ1952 ለገዥነት ሞክረው አልሆነላቸውም፤ በ1956 አሸነፉና ሁለት ዘመን ገዙ። በ1972 እንደገና ሲወዳደሩ ግን "ዋሽንግተን የማፊያ አባት ያስፈልጋታል ወይ?" የሚል መልእክት ያለው ወረቀት በመኪኖች ላይ ተለጥፎ ታየ። ሰውየው ስምንት ዓመት ግዛቲቱን መርተው እንኳ በአንድ ሰሞን ወደ "ጣሊያኑ" ተመለሱ።

የሎክ ተራ የመጣው ሳይታሰብ ነው። በ1992 የተመረጡት ዴሞክራቱ ማይክ ሎውሪ ከቀድሞ ሠራተኛቸው የቀረበባቸውን የጾታዊ ትንኮሳ ክስ በገንዘብ ከተስማሙ በኋላ በ1996 ዳግም እንደማይወዳደሩ አስታወቁ። ወንበሩ ክፍት መሆኑ እንደተሰማ ከሁለቱም ወገን ተፎካካሪው ጎረፈ። ከዴሞክራቶቹ ዋናው የሲያትል ከንቲባ ኖርም ራይስ ነበሩ፤ በ1989 የተመረጡ የከተማዋ የመጀመሪያው ጥቁር ከንቲባ። ሦስተኛው የቀድሞው የኮንግረስ አባል ጄይ ኢንስሊ ነበሩ፤ እርሳቸውም በኦሎምፒያ ምክር ቤት ከሎክ ጋር አብረው የተቀመጡ ናቸው። ከሪፐብሊካኖቹ የምክር ቤቱ የአብላጫው መሪ ዴል ፎርማን፣ የኪንግ ካውንቲ ዋና ዐቃቤ ሕግ ኖርም ማሌንግና የቀድሞዋ ሴናተር ኤለን ክራስዌል ከሌሎች ጋር ተሰለፉ።

የዋሽንግተን የማጣሪያ ምርጫ በዚያን ጊዜ የተለየ ሕግ ነበረው። የሁሉም ፓርቲ ዕጩዎች በአንድ ወረቀት ላይ ይቀርባሉ፤ መራጩ የፓርቲ አባል መሆን ሳያስፈልገው የፈለገውን ይመርጣል፤ ከየፓርቲው ብዙ ድምፅ ያገኘው አንድ ሰው ብቻ ያልፋል። በሴፕቴምበር 17 ቀን 1996 ድምፁ ሲቆጠር ሎክ ከሁሉም በላይ ሆኑ። ሁለተኛ የወጡት ራይስ ከክራስዌል የበለጠ ድምፅ ነበራቸው፤ ግን የሎክ ፓርቲ ሰው በመሆናቸው እዚያው ቀሩ። የሪፐብሊካኖቹ ድምፅ በብዙ ሰው ተከፋፍሎ ስለነበር በጽኑ ሃይማኖተኝነታቸው የታወቁት ክራስዌል በታማኝ ደጋፊዎቻቸው ብርታት አለፉ።

ራይስ በዚያች ምሽት መውደቃቸውን ሳስብ አዝናለሁ። ሁለቱም የሲያትል ሰዎች ነበሩ፤ ሁለቱም የመጀመሪያ የሚባል ታሪክ ሊሠሩ ይችሉ ነበር። ልዩነቱን የፈጠረው ሎክ ከከተማዋ ውጭ ያላቸው ትውውቅ ይመስለኛል። ከንቲባ የሚታወቀው በከተማው ነው። የበጀት ኮሚቴ ሰብሳቢ የነበረ ሰው ግን ያኪማ ሄዶ ስለ ያኪማ ሆስፒታል፣ ስፖካን ሄዶ ስለ ስፖካን ኮሌጅ ከነዋሪው እኩል ያወራል።

በጠቅላላው ምርጫ ክራስዌል እምነታቸውን ሳይሸሽጉ ስለ ክርስቲያናዊ መንግሥትና ስለ ከፍተኛ የግብር ቅነሳ ሰበኩ፤ ሎክ ስለ ትምህርት ተናገሩ። የሕዝብ ትምህርት ቤት፣ የነፃ ትምህርት ዕድል፣ ኮሌጅ፤ ከዚህ አልወጡም። በኖቬምበር 5 ሎክ 58 በመቶ፣ ክራስዌል 42 በመቶ አገኙ። ጋሪ ሎክ በአሜሪካ ታሪክ የመጀመሪያው የቻይና ተወላጅ አገረ ገዥ፣ ከሃዋይ ውጭ ደግሞ የመጀመሪያው የእስያ ተወላጅ ገዥ ሆኑ። በጃንዋሪ 15 ቀን 1997 ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ አያታቸው አሽከር ከነበሩበት ቤት እስከ ገዥው መኖሪያ ያለውን አንድ ማይል ቤተሰባቸው የተጓዘው በመቶ ዓመት እንደሆነ ተናገሩ። በዚያው ዓመት ጥቅምት በቻይና ያለውን የአባታቸውን መንደር ጂሎንግን ሲጎበኙ ሕዝቡ እንደ ልጁ ተቀበላቸው።

ኦሎምፒያ ግን በሠርግ ዜማ አልተቀበለቻቸውም። በዚያው ምርጫ ሪፐብሊካኖች ሁለቱንም ምክር ቤቶች ይዘው ነበርና ሎክ ብዙ ሕጎችን በፊርማቸው መሻር ግድ ሆነባቸው። ለስደተኛው ከሁሉ የላቀው ሥራቸው የተሠራው በዚህ ወቅት ነው። በኦገስት 1996 ፕሬዚዳንት ክሊንተን የፈረሙት የፌዴራል ሕግ ዜግነት ያላገኙ ሕጋዊ ነዋሪዎችን ከምግብ እርዳታ አስወጣ። በጥገኝነት ለገቡ ስደተኞች ለጥቂት ዓመታት ቢፈቀድላቸውም፣ ጊዜው ሲያልፍ ግሪን ካርድ ይዘው ዜግነት ያልወሰዱ ብዙ አዛውንቶች ሊጎዱ ነበር። የዋሽንግተን ግዛት በ1997 በራሷ ገንዘብ ለእነዚህ ሰዎች የምግብ እርዳታ ከከፈሉ የመጀመሪያዎቹ ግዛቶች ተርታ ተሰለፈች። እንግሊዝኛ ለማይችሉና የዜግነት ፈተናን ለሚፈሩ እናቶች ይህ ምን ማለት እንደነበር በሬኒየር መንገድ ግራና ቀኝ የኖረ ያውቀዋል። ሎክ ስለ ስደተኛ ካደረጉት ንግግር ሁሉ ይህች የበጀት መስመር ትበልጥብኛለች።

በ1998 የሕዝብ ውሳኔ ቁጥር 200 ቀረበ፤ በመንግሥት ቅጥርና በዩኒቨርሲቲ ቅበላ ዘርንና ጾታን ማየት ይከለከል የሚል ነው። ሎክ ተቃወሙ፤ እርሳቸውም ዬል የገቡት በዚሁ ዓይነት ፖሊሲ እንደተረዱ በግልጽ ተናገሩ። ሕዝቡ ግን አጸደቀው። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ የመኪና ቦሎ ዋጋ ወደ 30 ዶላር ይውረድ የሚለው ቁጥር 695 አለፈ። አውቶቡሱን፣ ጀልባውንና የአነስተኛ ከተሞችን አስተዳደር ይደግፍ የነበረው ገንዘብ ከእግሩ ሥር ተነጠቀ። ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሽሮት ሳለ ሎክና ምክር ቤቱ የመራጩን ቁጣ ፈርተው ያንኑ 30 ዶላር በሕግ አጸኑት። ቦሎ ሲረክስ ታክሲ ነጂው ደስ ብሎት ይሆናል፤ ሌሊት ከሥራ የምትመለሰው የሆቴል ጽዳት ሠራተኛ ግን አውቶቡሷን አጣች። እዚህ ላይ ገዥው ሊታገሉ ይገባቸው ነበር፤ አልታገሉም። በዚያው ዓመት መጨረሻ የዓለም ንግድ ድርጅት ጉባኤ ሲያትልን በእንባ አስመጪ ጭስ ሲሸፍናት ብሔራዊ ዘቡን የላኩትም እርሳቸው ናቸው።

በ2000 ሪፐብሊካኑን ጆን ካርልሰንን በሰፊ ልዩነት አሸንፈው ዳግም ተመረጡ። ሁለተኛው ዘመናቸው ግን የመከራ ሆነ። በፌብሩዋሪ 28 ቀን 2001 መጠኑ 6.8 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ የምክር ቤቱን ጉልላት ሳይቀር ጎዳ። በዚያው ዓመት ቦይንግ ዋና መሥሪያ ቤቱን ከሲያትል ወደ ቺካጎ ወሰደ። ከሴፕቴምበር 11 ጥቃት በኋላ የአውሮፕላን ገበያው ወደቀ፤ የግዛቲቱ በጀት ጉድለት ሁለት ቢሊዮን ዶላርን ተሻገረ።

ሎክ የለመዱትን አደረጉ፤ ጠረጴዛቸው ላይ ተቀመጡ። ለ2003 ያቀረቡት በጀት አጠቃላይ ግብር አይጨምርም። መንግሥት የሚሠራው ሥራ ሁሉ በጥቅሙ ቅደም ተከተል ተደርድሮ፣ ገንዘቡ የደረሰበት ድረስ ይከፈላል፤ ከዚያ በታች ያለው ይቀራል። ሕዝብ በድምፁ ያጸደቀው የመምህራን ደመወዝ ጭማሪ ታገደ፤ የድሆች የጤና መድን ተቆረጠ። ከገዛ ፓርቲያቸው "ከዳን" የሚል ጩኸት ተነሣ። የሴኔቱን የበጀት ኮሚቴ ይመሩ የነበሩት ሪፐብሊካን ዲኖ ሮሲ ግን ሐሳቡን ተቀብለው በጀቱን ጻፉ። በሥራው የተካኑበት ጥንቃቄ ሎክን ወደ ላይ አወጣቸው፤ ያው ጥንቃቄ ደግሞ ገቢ የሚሰበሰብበትን የተዛባ ሥርዓት እንዳይደፍሩ ያዛቸው። በዚያች ግዛት ድሃው ከገቢው አንጻር ከሀብታሙ የበለጠ ግብር ይከፍላል። ይህን ለመለወጥ ከእርሳቸው የተሻለ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

በጁን 2003 ቦይንግ አዲሱን አውሮፕላኑን በግዛቲቱ እንዲገጣጥም ለሃያ ዓመት 3.2 ቢሊዮን ዶላር ያህል የሚያወጣ የግብር ቅናሽ ተሰጠው። ኩባንያው ኤቨረትን መረጠ። ያ አውሮፕላን 787 ድሪምላይነር ነው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በኦገስት 2012 በአፍሪካ የመጀመሪያው ሆኖ የተረከበው የዚያ የኤቨረት ሥራ ነው። ኋላ ቦይንግ ሥራውን ጠቅልሎ ወደ ደቡብ ካሮላይና ሲያዞር የተሰጠው ቅናሽ ሊያስቀረው አልቻለም።

በዚያው ዓመት በጃንዋሪ ለፕሬዚዳንት ቡሽ ዓመታዊ ንግግር የዴሞክራቶቹን መልስ እንዲሰጡ በፓርቲያቸው የተመረጡት ሎክ ነበሩ፤ ስማቸው በመላ አገሪቱ ተሰማ። በጁላይ ግን ሦስተኛ ዘመን እንደማይወዳደሩ አስታወቁ። የዘመን ገደብ አልነበረባቸውም፤ ምክንያታቸው ቤተሰብ ነው አሉ።

ወንበሩን ለመውረስ በ2004 የተነሡት ሪፐብሊካን ያው በጀት ጸሐፊው ዲኖ ሮሲ ነበሩ። ከዋና ዐቃቤ ሕጓ ክሪስቲን ግሪጎየር ጋር ያደረጉት ውድድር በግዛቲቱ ታሪክ ያልታየ ሆነ። ከ2.8 ሚሊዮን በላይ ድምፅ ተሰጥቶ በመጀመሪያው ቆጠራ ሮሲ በ261 መሩ፤ በማሽን ሲደገም በ42፤ በእጅ ሲቆጠር ግሪጎየር በ129 ድምፅ አሸነፉ። ክርክሩ በፍርድ ቤት የተዘጋው በጁን 2005 ነው። በእነዚያ ሳምንታት ኪንግ ካውንቲ ውስጥ ፊርማው ስላልተመሳከረ የተጣለ ድምፅ እየተፈለገ መራጮች በየቤታቸው ይጠሩ ነበር። ዜግነት ከወሰደ ገና አንድ ዓመት ያልሞላው ስደተኛ ሁሉ ድምፁ ምን ያህል እንደሚመዝን በዓይኑ አየ።

በ1996 የወደቁት ኢንስሊ በ2012 ገዥ ሆነው ሦስት ዘመን ቆዩ። እርሳቸው ሲለቁ በ2024 ከዴሞክራቶቹ ከተነሡት አንዱ የኢሳኳው ሴናተር ማርክ ማሌት ነበሩ፤ የምክር ቤት ልምዳቸውን ይዘው ወጡና በማጣሪያው ቀሩ፤ ወንበሩን ዋና ዐቃቤ ሕጉ ቦብ ፈርግሰን ወሰዱ። ሎክ በበኩላቸው በ2009 የፕሬዚዳንት ኦባማ የንግድ ሚኒስትር፣ ከ2011 እስከ 2014 ደግሞ በቻይና የአሜሪካ አምባሳደር ሆኑ። ቤጂንግ ሊሄዱ ሲሉ በሲያትል አውሮፕላን ማረፊያ ቦርሳ በጀርባቸው አዝለው ቡና ሲገዙ የተነሡት ፎቶ፣ ባለሥልጣኑ ዕቃውን በሌላ ሰው በሚያሸክምበት አገር ሚሊዮኖችን አነጋገረ። በኋላም የቤልቪው ኮሌጅ ጊዜያዊ ፕሬዚዳንት ሆነው ሠርተዋል።

በ2019 ላሪ ጎሴት ሃያ አምስት ዓመት የያዙት የካውንቲ ምክር ቤት ወንበር ተፎካካሪ ገጠመው። ግርማይ ዛሂላይ ይባላሉ። ከኢትዮጵያ ከተሰደዱ ወላጆች ሱዳን ውስጥ ተወልደው፣ በሦስት ዓመታቸው አሜሪካ ገብተው፣ በደቡብ ሲያትል የመንግሥት ኪራይ ቤቶች ያደጉ ወጣት ጠበቃ ናቸው። እርሳቸውም የፍራንክሊን ተማሪ ነበሩ። ጎሴትን አሸነፉ፤ በ1982 በፔጊ ማክሲ የደረሰው በሌላ መልክ ተደገመ። በኖቬምበር 2025 ደግሞ ተፎካካሪያቸውን ክላውዲያ ባልዱቺን አሸንፈው የኪንግ ካውንቲ ዋና አስተዳዳሪ ሆነው ተመረጡ። ሎክ ወደ አገረ ገዥነት የተነሡት ከዚህ ወንበር ነው። ካውንቲው ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አለው፤ አውቶቡሱን፣ እስር ቤቱን፣ የጤና ጣቢያውንና የፍሳሽ ማጣሪያውን ያስተዳድራል፤ በጀቱንም በየሁለት ዓመቱ አዘጋጅቶ ለምክር ቤቱ የሚያቀርበው ዋናው አስተዳዳሪ ነው።